ወደ ሰቆጣ የሚጓዘው ላፕቶፕ

ከሰቆጣ ስልክ ተደወለልዎ እንበል። የደወሉት ታላቅ እህትዎ ናቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ማን አግብቶ ማን እንደወለደ ከተነጋገራችሁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባሉ። ልጃቸው ላፕቶፕ ይፈልጋል፤ እሱም «ጌሚንግ» የሚባለውን። ገንዘቡ ከፍየል ሽያጭ፣ ከማር፣ ልጁ በሠርግ ቪዲዮ ሥራ ካጠራቀማትና ከእርስዎ ኪስ ይሰበሰባል። «አዲስ አበባ ያላችሁት ታውቁበታላችሁ» ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ።

እንዲህ ያለ አደራ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ቅዳሜ መገናኛ አካባቢ ካሉት የገበያ ማዕከላት በአንዱ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ከብዙ ጥያቄ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዕቃ ይቀርብልዎታል። አንደኛው ያገለገለ ኤችፒ ቪክተስ 15 ነው። ጂቲኤክስ 1650 የሚባል ባለ 4 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። ሁለተኛው ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ሌኖቮ ሎክ 15 ነው። በላዩ ላይ «ኤል ኦ ኪው» ተብሎ የተጻፈው ማለት ነው። አርቲኤክስ 4050 ባለ 6 ጊጋባይት ካርድና 16 ጊጋባይት ራም ይዟል። ለስሌት ያህል በእጅዎ ያለው 140 ሺህ ብር ነው እንበል። አዲሱ ያንን እንዳለ ይወስደዋል፤ ያገለገለው በ85 ሺህ ይሰጥዎታል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ብቻ ይያዟቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ሻጩ ጠዋት የነገረዎትን ዋጋ ከሰዓት በኋላ ላይደግመው ይችላል።

ሻጩ አዲሱን እንዲወስዱ ይመክርዎታል። ስለ ካርዱ የሚነግርዎት ነገር በአብዛኛው እውነት ነው፤ 4050 ከ1650 በአራት ዓመት ያህል የሚያንስ፣ በጉልበትም በግልጽ የሚበልጥ ካርድ ነው። ሻጩ ያላየው ግን ሰቆጣን ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት በሐሳብዎ መንገዱን አብረን እንሂድበት።

ከአዲስ አበባ ሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በርን አልፈው፣ ደሴ ላይ አድረው፣ በወልድያና በቆቦ አድርገው አላማጣ ይደርሳሉ። ከአላማጣ በኋላ መንገዱ ተራራው ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ኮረም ይወጣል። መኪናው ዳገቱን ሲያቃስት ጆሮዎ ይደፈናል፤ ወደ ኋላ ዘወር ቢሉ የራያ ሜዳ ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ ይታይዎታል። ኮረምን የዓለም ሕዝብ የሚያውቃት በጥቅምት 1977 ዓ.ም የቢቢሲው ማይክል በርክ ካስተላለፈው የረሃብ ዘገባ ነው። ዛሬ ተሳፋሪው እዚያ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ከኮረም ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ ዋግ ይጀምራል። የተራቆቱ ጋራዎች፣ ሰው በእጁ የካባቸው የድንጋይ እርከኖች፣ በበጋ አሸዋቸው ብቻ የሚታይ ወንዞች፣ ከመሬቱ ጋር የተመሳሰሉ የድንጋይ ቤቶች ይቀበሉዎታል። በላሊበላና በቢልባላ በኩል የሚመጣም አለ፤ በአውሮፕላን ላሊበላ ድረስ ሄዶ ከዚያ በመኪና ማለት ነው። በየትኛውም በኩል ቢሆን ከመነሳትዎ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሰቆጣ ላለ ሰው ደውለው ይጠይቁ።

ይህ ጉዞ ለላፕቶፑ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ሁለቱም ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ቪክተሱ 2.3፣ ሎኩ 2.4 ኪሎ ያህል። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫን ነገር አይደለም። ጉልበትዎ ላይ ይዘውት ይሂዱ፤ ካርቶኑን ከነፎሙ አይጣሉት። በአውሮፕላን ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ከተሳፋሪ ጋር ይገባል፤ ሁለቱም ከዚያ በታች ናቸው። አቧራው ግን ከደረሱ በኋላም አይለቅም። የጌም ላፕቶፕ በሁለት ማራገቢያ አየር እየሳበ የሚተነፍስ ዕቃ ስለሆነ የዋግን የበጋ አቧራ ከነነፋሱ ይውጠዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ በብሩሽ የሚያጸዳ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ ከፍታው ብዙ አይጨነቁ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው ትንሽ ይበዛበታል፤ አምራቾቹ ግን እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ይሠራል ብለው የሚሰጡት ዕቃ ነው። ልጁ ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ተከዜ ቆላ ይዞት ከወረደ ነገሩ ይለያል። እዚያ ያለው ሙቀት ላፕቶፕ ጭን ላይ አስቀምጦ ለመጫወት አይመችም።

ሰቆጣ ዋጋን ከርቀት ጋር አስተያይቶ ማስላት የለመደች ከተማ ነች። ከአፋር በረሃ በግመልና በአህያ የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ መሃል አገር ከመበተኑ በፊት ከሚያርፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌ ደግሞ የሚላስ ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ገንዘብም ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው ከተቆፈረበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ጫፉ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይቀንስ ስለነበር ነጋዴው በልጥ አስሮ፣ ከዝናብ ሸሽጎ ይዞት ይሄድ ነበር። ላፕቶፑም እንደዚያው ነው። መገናኛ ላይ አንድ ዋጋ አለው፤ 700 ኪሎ ሜትር ርቆ አንድ ማጠፊያው ሲሰበር ወይም ቻርጀሩ ሲቃጠል ሌላ ዋጋ ያወጣል።

እግረ መንገድዎን ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሳያዩ አይመለሱ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የዋግ ሹሞች አስከሬን ሳይፈርስ በሬሳ ሣጥን የተቀመጠበትም ነው። ዋግ ሹሞቹ ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ከአጼ ቴዎድሮስ በኋላ «ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም ነግሠዋል። ገበያ ውስጥ ሲዘዋወሩ የሚሰሙት ኽምጣንጋ የአገው ቋንቋ ነው፤ ዛሬ በትምህርት ቤትም ይሰጣል። አማርኛ የሌለው «ጘ» የሚባል ፊደሉ ሳይቀር በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ስላለው ከሁለቱ ላፕቶፖች የትኛውንም ቢገዙ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጻፍ ይችላል።

ሰቆጣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ድርቅን ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት የገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ነው የተሰየመው። ስለዚህ «እዚያ ቤት ጌሚንግ ላፕቶፕ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ምላስዎ ጫፍ ላይ ሊመጣ ይችላል። ባይጠይቁት ይሻላል። የሰቆጣ ልጅ እንደ ቦሌ ልጅ ኳስ ጌም መጫወት ይፈልጋል፤ ይህ ነውር የለበትም። ደግሞም ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ለጌም ብቻ አይደለም። በጥርና በሚያዝያ የሠርግ ቪዲዮ የሚቆርጥ፣ የፎቶ አልበም የሚያዘጋጅ፣ ለሱቅ ማስታወቂያ የሚሠራ ልጅ ያው ካርድ ሥራውን ያፈጥንለታል። እናትየው ፍየል የሚሸጡት ግማሹን ለጨዋታው፣ ግማሹን ለእንጀራው ነው። ይህንን ሁለቱንም ይዘው ነው መምረጥ ያለብዎት።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ ውሳኔውን የሚያከብደው እሱ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዋግ ኽምራ ከአንድ ዓመት በላይ መብራት ተቋርጦበት ቆይቷል። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ሰው ጀነሬተር ያለበት ደጃፍ ይሰለፍ ነበር። 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ ውኃው እስከ አበርገሌና ዝቋላ ወረዳዎች ድረስ ተኝቶ ሳለ ይህ መሆኑ የአካባቢውን ሰው ሲያስተክዝ ኖሯል። ዛሬ መስመሩ ተመልሷል። መሄድና መምጣቱ ግን እንደ ብዙ የክልል ከተሞች ነው።

ላፕቶፕ በባትሪ ጌም የሚጫወት ይመስልዎታል? ይጫወታል፤ ግን ለአጭር ጊዜና በደከመ ጉልበት። የቪክተሱ ትልቁ ባትሪ 70 ዋት ሰዓት ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ 52.5 ብቻ ነው። የሎኩ 60 ነው። ጌም ሲከፈት ላፕቶፑ በባትሪ 60 ዋት ያህል ቢበላ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ቪዲዮ ሲቆረጥ 20 ዋት አካባቢ ከያዘ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ይሠራል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ልጁ ጨዋታውን ዘግቶ ሥራውን ይከፍታል፤ እናትየው ይህን ስሌት ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። ቤት ውስጥ ያለችው አምፖልና ስልክ የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሶላር ለሁለቱም አትበቃም። የቪክተሱ ቻርጀር 150 ዋት፣ የሎኩ 170 ዋት ነው። ለትንሽ ጀነሬተር ሁለቱም ቀላል ጭነት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም የሚያጣላ አይደለም።

ሎኩ እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው። በታይፕ ሲ ገመድም ኃይል ይቀበላል። የራሱ ቻርጀር ቢቃጠል ከወልድያ ወይም ከደሴ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ጠንካራ በሆነ የታይፕ ሲ ቻርጀር ሥራ ማስቀጠል ይቻላል። ቪክተሱ ላይ ያለው የታይፕ ሲ ቀዳዳ ግን መረጃና ምስል ያስተላልፋል እንጂ ላፕቶፑን ቻርጅ አያደርግም። ቪክተሱን ከወሰዱ ሁለተኛ ቻርጀር አብረው ይግዙ፤ ያለ እሱ አይላኩት።

ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚያቃጥለው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን አመላለሱ ነው። ቻርጀሮቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ መብራት ደከም ቢል ችለው ይሠራሉ። ጠፍቶ ሲመለስ ከመጠን በላይ የሚመጣው ኃይል ነው ጠላታቸው። ልጁ መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን እንዲነቅል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ እንዲታገስ ይንገሩት። ጥሩ ስታብላይዘር ከተጨመረበት የበለጠ ነው።

ኢንተርኔቱም ሌላ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ያስታውሳሉ። መስመር ባለበት ጊዜም አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ይህንን በሞባይል ዳታ ማውረድ ፍየሎቹን ሁለት ጊዜ እንደ መሸጥ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሳሉ ፈጣን መስመር ባለበት ቦታ ተቀምጠው ሁሉንም ይጫኑለት፤ ዊንዶውሱን ያድሱ፣ የካርዱን ድራይቨር ያስገቡ፣ የቪዲዮ መቁረጫውን ይጫኑ፣ ጌሞቹን አንድ ጊዜ ከፍተው ይሞክሩ። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈቱ ጌሞች አሉና ዋይፋዩን አጥፍተው ደግመው ይክፈቷቸው። ይህ አንድ ሙሉ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው፤ ግን ለልጁ ከሚሰጡት ስጦታ ትልቁ ይኸው ነው እላለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ ወደ ሰቆጣ አንድ ጊዜ ይደውሉና ልጁን ራሱን ያናግሩት። የትኛውን ጌም ነው የሚፈልገው? መልሱ «ፔስና ጂቲኤ 5» ከሆነ ጨርሰዋል። ጂቲኤ 5 በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ሲወጣ የተመከረለት ካርድ ጂቲኤክስ 660 ነበር፤ 1650 ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አዳዲሶቹን ከባድ ጌሞች በሙሉ ጥራት ካለ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አርክቴክቸር ሊያጠና ከሆነና ሦስት ገጽታ ያለው ሥዕል የሚሠራ ከሆነ 4050 ዋጋውን ያወጣል፤ የ2 ጊጋባይቱ ብልጫ በየዓመቱ እየታወቀው ይሄዳል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ለዚህ ቤት ያገለገለውን ቪክተስ እወስዳለሁ። ሻጩ ያልነገረዎትን የ55 ሺህ ብር ልዩነት ይዤ ነው ይህን የምለው። ከእሱ ላይ ራሙን ወደ 16 ጊጋባይት ያሳድጋሉ፤ ለቪዲዮ መቁረጥ ይህ ከካርዱ ባልተናነሰ ይሰማል። ሲገዙ ዲዲአር 4 መሆኑን ይጠይቁ፤ ዲዲአር 5 አይገባለትም። ውጪ የሚሰካ ኤስኤስዲ፣ ሁለተኛ ቻርጀር፣ ስታብላይዘር፣ ጠንካራ ቦርሳ ይጨምራሉ። ከዚያም የሚተርፈውን ለእህትዎ ይመልሳሉ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ዋግ ውስጥ ከግራፊክስ ካርድ የበለጠ ያስፈልጋል። አዲሱን ቢገዙ ግን ሁሉም ገንዘብ አንድ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ስታብላይዘር እንኳ ሳይኖረው ወደማይታወቅ መብራት ይሄዳል። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ዋስትናውም ቢሆን ሱቁ ያለው መገናኛ፣ ዕቃው ያለው ሰቆጣ ነው፤ ለአንድ ጥገና 1,400 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ማን ይሄዳል?

ይህ ሁሉ የሚሠራው ያገለገለው ዕቃ ደህና ከሆነ ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ አይቸኩሉ። ክዳኑን አሥር ጊዜ ከፍተው ይዝጉት፤ ማጠፊያው ሲጮህ ወይም ፍሬሙ ሲከፈት ካዩ ይተዉት። የካርዱን ስም ከተለጠፈው ወረቀት ሳይሆን ከዊንዶውሱ ታስክ ማኔጀር ያንብቡ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳይዎታል። ከ70 ዋት ሰዓቱ ከ50 በታች ከወረደ ዋጋውን ያስቀንሱ ወይም ሌላ ይጠይቁ። በመጨረሻም ጌም ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያጫውቱት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ግድ የለም፤ ከእርስዎ ኋላ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አለ። በሙቀት ራሱን የሚያጠፋ፣ ማራገቢያው የሚያንቋቋ፣ ስክሪኑ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። እነዚህን ያለፈ ያገለገለ ዕቃ ካላገኙ አዲሱን ይግዙ፤ የተጠረጠረ ላፕቶፕ ወደ ሰቆጣ አይላክም። ራሙና ስታብላይዘሩ በሚቀጥለው የሠርግ ወቅት ልጁ ራሱ ሠርቶ ይገዛቸዋል።

ሲደርሱ ላፕቶፑን መጀመሪያ ለእህትዎ ይስጧቸው። እሳቸው ለልጃቸው ይስጡት። ፍየሎቹ የእሳቸው ነበሩ።

ባዶ እጅዎን እንደማይሸኙዎት የታወቀ ነው። የዋግ ማር፣ በተለይ ነጩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ ብቻ የሚፈለግ ነው፤ በጀሪካን ሞልተው ይሰጡዎታል። ክዳኑን በፌስታል አጥብቀው ይሰሩትና በመልስ ጉዞዎ ቀጥ አድርገው እግርዎ ሥር ያስቀምጡት። ከኮረም ወደ አላማጣ ሲወርዱ ጠመዝማዛው ያንገላታዋልና እዚያ ላይ በእጅዎ ይያዙት።